ማንኪያው ተደፍቶ ነበር?

ሊጡ ውስጥ ጨው ጨምሬ ይሁን ሳልጨምር አላውቅም ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። እጄ እስከ ክርኔ ዱቄት ለብሷል፤ ወጥ ቤቱ መሀል ተገትሬአለሁ፤ በዚያች ደቂቃ በእርግጠኝነት የማውቀው ነገር ቢኖር አለማወቄን ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ቀምሶ ይገላገል ነበር። ትንሽ ቆንጥሮ ምላስ ላይ ማድረግ ነው፤ ሕፃንም ያደርገዋል። እኔም ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አደረግሁ። አኘክሁት። ወደ ቀኝ ጉንጬ አዞርኩት፣ ወደ ግራ መለስኩት። እርጥብ ወረቀት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አፌ የገባ ነገር ሁሉ እርጥብ ወረቀት ነበር። አንድ ተራ ጉንፋን ይዞኝ፣ ሦስት ቀን አስተኝቶኝ፣ ሲሄድ ምላሴንና አፍንጫዬን ይዞብኝ ሄደ። ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ነርስ «ይመለሳል» አለችኝ። «መቼ?» ብላት፣ «እሱን እንኳ አላውቅልሽም፤ አንዳንዱ በወር፣ አንዳንዱ በዓመት» ብላ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረች። እኔም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለእናቴም፣ ለአባቴም፣ ለወንድሜም። ለወንድሜ ሚስትማ ጭራሽ!

ለምን ብትሉኝ፣ በቤታችን ስለ ዳቦ የመጨረሻውን ቃል የምናገረው እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ልብስ ንጽሕና ቤት ተቀጠርኩ፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ዳቦ ያስተማረኝ ሰው የለም። ያስተማረኝ ነገር ቢኖር የዳቦ ቤቱ መስኮት ነው። ከሥራ ስመለስ መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ ሊጥ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እንዴት እንደሚድቦለቦል፣ ምላጩ ምን ያህል ጋደል ብሎ ጀርባውን እንደሚሰነጥቀው አያለሁ፤ ከዚያ ቤቴ ገብቼ እሞክራለሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ዳቦዎቼ ለግንብ ሥራ ይሆኑ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ዳቦ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን ዳቦ እየቀመስኩ ዱቄቱ ስንት ቀን እንደቆየ፣ እርሾው ስንት ሰዓት እንዳደረ፣ ጋጋሪው ተናዶ ይሁን ደስ ብሎት እንዳቦካው እነግራችኋለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። የመጨረሻዋን እንኳ ከራሴ ጨምሬ ነው።

አባቴ ከዳቦ ቅርፊቱን ይወዳል፣ በተለይ ጫፏን። እናቴ ጥጥ የመሰለውን ውስጡን። ወንድሜ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ትኩስ ይሁን እንጂ ካርቶንም ቢሆን ይበላል። እኔ የምወደው ጥቁር ዳቦ ነው፤ ስንዴና አጃ የተቀላቀለበት፣ ቅርፊቱ ሊያርር አንድ ትንፋሽ ሲቀረው የወጣ፣ በማግስቱ ከመጀመሪያው ቀን የሚበልጥ። የዚያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ይህንን ዳቦ ይዤ ሚዛን ፊት መቅረብ ነበረብኝ።

ሚዛን የዳቦ ቤቱ ዋና ጋጋሪ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ከሚዛኑ ሌላ የሚያምነው የለም፣ ሚስቱንም መዝኖ ነው ያገባት ይሉታል። ሰው ሲቀጥር የራሱ ልማድ አለው። የትምህርት ወረቀት አያይም። «በእኔ ምድጃ ማንም ይጋግራል፤ በቤትሽ ምድጃ ጋግረሽ አምጪ። አንድ ዳቦ፣ ሙሉውን፣ ሳይቆረጥ» ይላል። ካልወደደው አንድ ቁራሽ በልቶ ቀሪውን በመጣበት ፎጣ መልሶ ይጠቀልልና ያስረክባል። ያ ሰው ሁለተኛ አይሞክርም። ለአንድ ሰው አንድ ዳቦ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦታ እስኪከፈት ጠብቄ ነበር፤ አንዷ ጋጋሪ ከተማ ቀየረችና ተከፈተ። ምላሴ የጠፋው ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጊዜ ሲመርጥ አይታችሁልኛል?

አሁን ወደ ጨዉ ልመለስ።

እኛ ቤት ሦስት ሴቶች አንድ ወጥ ቤት እንጋራለን። ከዓመታት በፊት እናቴና እኔ ሳንተያይ አንድ ሊጥ ሁለት ጊዜ ጨው ጨምረንበት ነበር፤ ያን ዳቦ ውሻ እንኳ አሽትቶ ተወው። አባቴ ያኔ ሕግ አወጣ። ሰዓት ጠጋኝ ስለሆነ ለሁሉም ነገር ምልክት ይወዳል። ሰማያዊው የጨው ጣሳ ክዳን ላይ የእንጨት ማንኪያ ይቀመጣል። ሊጡ ጨው ካልገባበት ማንኪያው ይንጋለላል። ጨው ከገባበት ይደፋል። ዳቦው ከምድጃ እስኪወጣ ድረስ ማንም አይነካውም። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው። እጄ ለምዶት ጨው እንደጨመረ ማንኪያውን ይደፋዋል፤ እኔ አላስብበትም። የጎዳኝም አለማሰቤ ነው።

ያን ጠዋት ዱቄቱን፣ ውሃውንና ያደረውን እርሾ አዋሕጄ ማቡካት ስጀምር ስልኬ ጮኸ። በቤታችን ስልክ የሚሰማው ሳሎን መስኮቱ ሥር ብቻ ነው። ዱቄታም እጄን እያራገፍኩ ሮጥኩ።

«ስድስት ሰዓት ብዬሻለሁ?» ሚዛን ነው። ሰላምታ የለም።

«አዎ፣ ብለውኛል።»

«ስድስት ሰዓት ማለት ስድስት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ከአምስት ማለት አይደለም።»

«ገብቶኛል።»

«ትኩስ እንዳታመጪ። ትኩስ ዳቦ ሁሉ ይጣፍጣል፣ ሰው ያታልላል። ቀዝቅዞ ይምጣ።» ዘጋው።

ስመለስ ማንኪያው ታጥቦ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ጣሳው ተከድኖ መደርደሪያው ላይ ወጥቷል። ጠረጴዛው ላይ የበተንኩት ዱቄት እንኳ ተጠርጓል።

ሙሽሪት!

ሙሽሪት የወንድሜ ሚስት ናት። ከተጋቡ ስምንት ወር አለፋቸው፤ እናቴ በመጀመሪያው ቀን «ሙሽሪት» እንዳለቻት በዚያው ቀርቷል። ሆስፒታል ጽዳት ነው የምትሠራው። የቆሸሸ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም፤ ቆመሽ ካገኘችሽ አንቺንም ታጥብሻለች። የማንኪያውን ሕግ የነገራት ግን የለም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። «እኔ ዳቦን ያህል ነገር በመስታወት አይቼ ተማርኩ፤ እሷ ማንኪያ አይታ መማር ካቃታት የራሷ ጉዳይ ነው» ብዬ ተውኩት። ከዚያ በፊትም ማንኪያውን ሰቅላው ሳገኝ በሆዴ ሰድቤአት፣ ሊጡን ቀምሼ ሥራዬን እቀጥል ነበር። ያኔ ምላስ ነበረኝ።

ሮጬ ሄጄ «ማንኪያው እንዴት ነበር?» ብዬ እንዳልጠይቃት ደግሞ ከተነጋገርን ዘጠኝ ቀናችን ነው። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ማለት አልወድም፤ ግን ነኝ። ምሳ ላይ ነበር። እሷ ዳቦ ጋግራ አቀረበች። በልቼ ዝም ብል «ምነው ዛሬ ሐሳብ የላትም?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ ጊዜ ነከስኩና፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ጨው በዝቶበታል። ቅርፊቱም ለጫማ ሶል ይሆናል» አልኩ። ወንድሜ ሳቀ። ሙሽሪት አልሳቀችም። አየችኝ፤ ከዚያ ሳህኔን አንሥታ ወጣች።

እሷን መጠየቅ አይሆንም። ሌላ መንገድ ይኖራል አልኩ።

እጄን አምናለሁና በእጄ ጀመርኩ። ጨው ሊጥን ያጠብቃል። ጨው የሌለው ሊጥ ይልፈሰፈሳል፣ ይጣበቃል፣ ቶሎም ኩፍ ይላል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ከአሥራ አንዱ ግንቦች አንዱ ነው ያስተማረኝ። ሊጡን ጨመቅ አደረግሁት። ይጣበቃል። ግን አጃ ያለበት ሊጥ መቼ ሳይጣበቅ ቀርቶ ያውቃል? ደግሞ ዱቄቱ ትናንት ከተከፈተ አዲስ ጆንያ የመጣ ነው፤ ጠባዩን ገና አላወቅሁትም። እንደገና ጨመቅሁት። አንዴ የጠበቀ ይመስለኛል፣ አንዴ የላላ። እጄም ከዳኝ።

ቆንጠር አድርጌ ወደ አባቴ ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ የአንዲት የሴት ሰዓት ሆድ ዕቃ እያየ ነበር።

«አባዬ፣ እስቲ ይቺን ቅመስልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ሊጥ።»

«ሊጥ ሆድ ይነፋል።»

«አትዋጠው። ምላስህ ላይ አድርገህ ትፋው። ጨው እንዳለው ብቻ ንገረኝ።»

ማጉያውን ከዓይኑ አወጣ። «አንቺ ለምን አትቀምሺውም? ትናንት ነው እንዴ ዳቦ የጀመርሽው?»

«ጥርሴን አሞኛል።»

«ጨው በጥርስ ነው እንዴ የሚቀመሰው?»

«አባዬ፣ በእናትህ!»

ተቀበለኝ። ዓይኑን ጨፈነ። ምላሱን ላንቃው ላይ ጠጋ አደረገ፤ የሞተ ሰዓት ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው ፊቱ ረጋ አለ።

«ባሕር ነው» አለ።

«ጨው አለው ማለት ነው? እርግጠኛ ነህ?»

«ልጄ፣ ሐኪሙ ጨው ከከለከለኝ ወዲህ ምራቄም ጨው ጨው ይለኛል። ውሃ ስጪኝ፣ ባሕር ነው እልሻለሁ። ለእኔ የሚስማማኝ ሙሽሪት የምትጋግርልኝ ነው፤ ሐኪሙ ቢያየው ግንባሯን ይስማት ነበር። አንቺ ግን ፊትሽ ነጭ ሆኗል። አሞሻል?»

«ዱቄት ነው» ብዬ ወጣሁ።

እናቴ እህቷ ጋ ሄዳለች፤ ብትኖርም ለእሷ መንገር ለሰፈሩ በድምፅ ማጉያ ማወጅ ነው። ጎረቤት ዘልቄ «ሊጥ ቅመሱልኝ» ብል፣ «ስለ ዳቦ እነግራችኋለሁ የምትለው ልጅ ምላሷ ሞቷል» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ዳቦ ቤቱ ይደርሳል። ሚዛን ደንበኛ የሚያወራውን ሁሉ ይሰማል።

ወጥ ቤት ስገባ ፎጣውን ገለጥ አደረግሁ። ሊጡ ጎድጓዳውን ሳህን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ገና ሦስት ሰዓት ከሩብ አልሆነም! የሚሮጠው ጨው የሌለው ሊጥ ነው። ወይስ ሙቀቱ ነው? መስኮቱ ላይ ፀሐይ አርፏል፣ ግድግዳው ሞቋል። እርሾው ደግሞ ዛሬ ጉልበተኛ ነው። ጣሳውን አወረድኩ። ማንኪያውን ከሚስማሩ አነሣሁ። ጨው ሞልቼ ሊጡ ላይ ያዝኩት፤ ሁለት ሦስት ቅንጣት ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ጨምሬበት ከነበረ ዛሬ ሚዛን የሚበላው የመድኃኒት ጨው ነው። ካልጨመርኩበት የሚበላው ጥጥ ነው። በሁለቱም ዳቦዬ በፎጣ ተጠቅልሎ ይመለሳል፤ እኔም ወደ ካውያዬ እመለሳለሁ። እስከ መቼ? እስከ እርጅና። ሸሚዝ መቼም አያልቅም።

ማንኪያውን መለስኩ። ሊጥ ቆንጥሬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ሙሽሪት አንሶላ እያሰጣች ነበር። የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛለች። አየችኝና ወደ አንሶላው ተመለሰች።

«ማንኪያው ተደፍቶ ነበር?» አልኩ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ ይህ ነበር።

መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። «ደህና አደርሽ።»

«ደህና አደርሽ። ማንኪያው ተደፍቶ ነበር ወይስ ተንጋሎ?»

«የቱ ማንኪያ?»

«የጨዉ! ያጠብሽው!»

«ማንኪያ ነው። ቆሽሾ ነበር፣ አጠብኩት። አጣጣሉን አልመረመርኩም። ወንጀል ነው?»

እጄ ላይ ያለው ሊጥ መድረቅ ጀመረ። ልመለስ ብዬ አሰብኩ፤ እግሬ እንቢ አለ።

«ይቺን ቅመሽልኝ።»

«እኔ?» አለች፤ ቅንድቧ ተነሣ። «የጫማ ሶል ጋጋሪዋ?»

«ቅመሽልኝ ነው ያልኩሽ።»

«እንዲህ ተቆጥተሽ ነው እንዴ የምትለምኚው? አይ እቴ! ከአንቺ ልመናስ የሌላው ስድብ ይሻላል።» ሌላ አንሶላ አነሣች፣ አራገፈችው፤ ውሃው ፊቴ ላይ ረጨኝ። እርጥብነቱ ተሰማኝ፤ የሳሙናው ሽታ አልመጣም።

«ጣዕም አይሰማኝም» አልኩ። «ሽታም አይሸተኝም። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ያ በዝቶበታል ያልሽው ዳቦ ለአባባ የጋገርኩት ነበር። ቅንጣት ጨው የለበትም።» አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘረጋች። «መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን፣ ይቺ ልጅ አልቀመሰችውም አልኩ። ከዚያ በኋላ አየሁሽ። ወተቱ ገንፍሎ ሲያርር አጠገቡ ቆመሽ ፀጉርሽን ታበጥሪያለሽ።»

መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እየተጎማለልኩ የሄድኩበት ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሁሉን ያውቅ ነበር።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ? ለወንድምሽ ልነግረው ሁለት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንዱ እንኳ ትናንት ነው፤ ጫማዬን በእግርሽ ገፋ ያደረግሽ ጊዜ።» እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገችና ዘረጋችልኝ። «አምጪው በይ።»

ሊጡን በፊት ጥርሶቿ አኘከች። ዓይኗ ገመዱ ላይ ነው። አንድ መቆንጠጫ ወደቀ፣ አላነሣችውም። በጣቴ ክርኔ ላይ የደረቀውን ዱቄት እየላጥኩ አፏን ብቻ አየሁ።

«የለውም» አለች። «ጨው የሚባል አልነካውም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አላመንሽኝም?»

እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ምን እንደምል አውቃለሁ። «በደንብ አለው፣ ሂጂ ጋግሪ» እልና ሄጄ አንሶላዬን አሰጣ ነበር። ያስፈራኝ ይኸው ነበር። ሰውን የምለካበት ሌላ መለኪያ አልነበረኝም፤ ያለኝ የራሴ ብቻ ነው። እሷም ያነበበችኝ መሰለኝ፤ ምክንያቱም ሌላ ቃል ሳትናገር የወደቀውን መቆንጠጫ አንሥታ፣ ቀድማኝ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

«ስንት ነው የምትጨምሪው?»

«ሁለት ማንኪያ፣ ላዩ በጣት የተጠረገ። ኩፍ ካለ በኋላ ስለሆነ በትንሽ ውሃ ይሟሟ።»

«ሁለት» አለች፣ ጣቶቿን አሳየችኝ። «አልሰማሁም እንዳትዪ ኋላ።»

አሟሟሁት። የነፋውን ሊጥ ተጭኜ አስተነፈስኩት፣ ጨው ያለበትን ውሃ አፈሰስኩ፤ መልሼ አቦካሁት። መጀመሪያ ሊጡ ተንሸራተተ፣ ተበጣጠሰ፤ ልቤም አብሮት። ከዚያ ቀስ በቀስ እጄ ሥር መጥበቅ ጀመረ። ያን ጥብቀት አውቀዋለሁ። ሙሽሪት እንደገና ቀመሰች። «አሁን ሰው ሆነ» አለች።

ማንኪያውን ጣሳው ላይ ደፋሁት። ልታነሣው እጇን ሰደደች፤ ያዝኳት።

«ሲደፋ ጨው ገብቷል ማለት ነው። ሲንጋለል አልገባም። ዳቦው እስኪወጣ አይነካም።»

ማንኪያውን አየችው። እኔን አየችኝ። «ይቺን ለመናገር ስምንት ወር?»



ሊጡን ድቡልቡል አድርጌ እንዲያርፍ ስተወው ሰዓቱ እየቀደመኝ ነበር። ሁለተኛው ማረፊያ ሙሉ አልነበረም፤ ጀርባውን በምላጭ ሰንጥቄ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ምድጃ አስገባሁት። ከዚያ ደግሞ ሌላው ጭንቅ መጣ። የእኔ ዳቦ ሊያርር አንድ ትንፋሽ ሲቀረው ነው የሚወጣው፤ ያን ትንፋሽ ድሮ የሚነግረኝ አፍንጫዬ ነው። የምድጃው መስታወት ደግሞ ጠቁሮ ምንም አያሳይም። ሙሽሪት በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ገና ሊጥ ሊጥ ይላል» ትላለች። ቆይታ፣ «አሁን የተጠበሰ እህል።» ቆይታ፣ «ኧረ አውጪው! ስኳር ሲያርር ይሸታል!»

«ትንሽ ቆዪ።»

«ያርራል እኮ ነው የምልሽ!»

ከፍቼ በጨርቅ ያዝኩት፣ ገልብጬ ሆዱን በጣቴ አጥንት መታሁ። ዷ፣ ዷ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ውስጡ እርጥብ። መለስኩት። ሁለት ደቂቃ። እሷ አፍንጫዋን በሽርጧ ይዛ ተማረረችብኝ። ደግሜ መታሁ። ባዶ ሳጥን ሲንኳኳ የሚሰማው ድምፅ መጣ። አወጣሁት። ጠቁሯል፣ ግን አላረረም። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ቅርፊቱ መንጣጣት ጀመረ፤ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አዳመጥነው።

አምስት ሰዓት ከአሥር። «ቀዝቅዞ ይምጣ» ብሏል። አባቴ ጋዜጣውን ይዞ መጥቶ «ምን ጉድ ነው?» አለ፤ ሙሽሪት «አራግብ፣ አባባ» ስትለው አልጠየቀም፤ አራገበ። ጊዜው አልበቃንም። በፎጣ ብጠቀልለው ሙቀቱን ይይዛል። ስለዚህ በሽቦው ማቀዝቀዣ ላይ እንደተቀመጠ፣ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ በሁለት በኩል ይዘነው ወጣን። መንገደኛው ቆሞ አየን። አንድ ጫማ ጠጋኝ «ማንን ነው የምትቀብሩት?» አለ። ሙሽሪት «ምላሷን» አለችው። ልገድላት ምንም አልቀረኝም፤ ግን ሽቦውን መልቀቅ አልቻልኩም።

በሩ ላይ ስንደርስ ለስድስት ሁለት ደቂቃ ይቀራል። ሙሽሪት ውጭ ቀረች። ሚዛን የግድግዳውን ሰዓት እያየ እጁን አጣምሮ ቆመ። ስድስት ሲሆን «አምጪ» አለ።

መዘነው። ሌላ ምን ያደርጋል? ሆዱን አንኳኳ። መዳፉን ጀርባው ላይ አሳረፈ፣ ሙቀቱን እየፈለገ። ቆረጠው። ውስጡን አየ፣ በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ተመልሶ ሲነሣ ጠበቀ። አሸተተ። አንድ ቁራሽ አፉ ውስጥ አድርጎ ማኘክ ጀመረ። የእኔ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ዓይኔ ከፎጣውና ከእጁ አልነቀል አለ። እጁ ወደ ፎጣው ከሄደ አበቃ።

«ሊጡን ስትቀምሺው ምን አለሽ?» አለ።

መልሱ ቀላል ነበር። እንዲህ ዓይነት ውሸት ሦስት ሳምንት ስለማመድ ቆይቻለሁ። ቀና ስል ግን መስኮቱ ላይ ሙሽሪትን አየኋት። መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋለች፤ እኔ በለጠፍኩበት ቦታ፣ በእኔ ቁመት ልክ።

«አልቀመስኩትም» አልኩ። «ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ጣዕምም ሽታም የለኝም። የቀመሰችው የወንድሜ ሚስት ናት። ጨው የለውም ያለችኝም እሷ ናት፤ ልክ ካልሆነ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ማኘኩን አላቆመም። «መውጫውን በምን አወቅሽ?»

«በጆሮዬ። እሷ በአፍንጫዋ።»

«ማን አስተማረሽ በጆሮ?»

«ማንም።»

ዋጠ። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እዚህ ቤት ጨው የሚገባው በሚዛን ነው» አለ። «ምላስ ይታመማል፣ ያረጃል፣ ይዋሻል። ሊጥ የሚቀምስ ጋጋሪ የለኝም።»

ለዚህ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ የተጨነቅሁት! ደስ ሊለኝ ሲል ጣቱን አነሣ።

«ዱቄት ሲሻግት ግን ሚዛን አይነግርሽም። እሱን የሚነግርሽ አፍንጫ ነው። ሰኞ ነይና ማቡካት ላይ ግቢ። እስከ ወሩ መጨረሻ አይሻለሁ። ካልተመለሰልሽ እንነጋገራለን።»

እጁን ሰደደ። ፎጣውን አነሣና ባዶውን ሰጠኝ። ዳቦውን ከኋላው ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው፤ ከመቁረጫው ላይ አንዲት ቁራሽ አንሥቶ፣ «ይቺን ለመስታወቷ ሴትዮ» አለ።

ወጣሁ። «ወሰደው?» አለች ሙሽሪት።

«ወሰደው። ሰኞ እገባለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ።»

«ከዚያስ?»

«እንነጋገራለን አለ።»

ቁራሿን ለሁለት ቆረሰች፣ ግማሹን እጄ ላይ አስቀመጠች፤ የራሷን ነክሳ መራመድ ጀመረች። ከጎኗ ሆኜ አፏን እያየሁ ሁለት ጊዜ ተደናቀፍኩ።

«ንገሪኝ እንጂ! ምን ይላል?»

«ቅርፊቱ መጀመሪያ ይመርራል» አለች አፏ እንደሞላ። «ከዚያ ይመጣል። ምን ልበልሽ... የተቆላ እህል ይመስላል፣ መጨረሻ ላይ ኮምጠጥ ይላል። ውስጡ ጥሩ ነው። የጫማ ሶል አይደለም።»

«ጨዉስ?»

ቆመች። ቀስ ብላ ዋጠች። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«ጨው በዝቶበታል» አለች።

ሚዛን ሲያኝክ ፊቱን እንዴት እንዳደረገ ለማስታወስ ሞከርኩ። መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ለሰኞ ሊያሳየኝ ይሆን? እሷ መንገዷን ቀጠለች፤ ተከተልኳት፤ ከኋላዋ ሆኜ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እስከ መታጠፊያው ድረስ ሳቋን እንደምንም አምቃ ያዘችው፤ ከዚያ ግንብ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ፈነዳች።

«ፊትሽን ባየሽው!» አለች። «ፊትሽን ባየሽው፣ አንቺ ልጅ!»

እኔም ሳቅሁ፤ ሳልወድ በግዴ። ከዚያ ግማሿን ቁራሽ አፌ ውስጥ አደረግሁ። ቅርፊቱ ጥርሴ ሥር ሲሰበር ሰማሁት፤ ጥሩ ድምፅ ነው። እያኘክሁ ጠበቅሁ። ወደ ቀኝ ጉንጬ አዞርኩት፣ ወደ ግራ መለስኩት። እስከ ወሩ መጨረሻ አሥራ ዘጠኝ ቀን አለ።